ሣሩ የሸፈነው ጥለት

ሐመልማል ስልኳን በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ "ይኼን በጨርቅ ትሠሪልኛለሽ?" አለች።

ፋዲላ መኪናውን አቁማ ፎቶውን አየችው። ሱቋ ከመገናኛ ወደ ሾላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ዋና ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት፣ ሱሪ ማሳጠርና መጋረጃ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ከደንበኞች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ እያጠራቀመች የጨርቅ ፖስትካርድ መሥራት ጀምራለች። ሰዎች በጉዞ ላይ የተነሱትን ፎቶ ያመጡላታል፤ እሷ አይታ በመዳፍ ስፋት ትሰፋዋለች። የላንጋኖ ዳርቻና የሐረር ጀጎል በር ግድግዳው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥለዋል።

ፎቶው ወደ እንጦጦ ራጉኤል በሚያወጣው መንገድ ላይ የተነሳ ነው። የሐመልማል እናት እማማ ሙሉነሽ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ዐረፍ ብለዋል። ከኋላቸው ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ከተማው ይታያል። መስከረም አንድ ስለነበር ሣሩ ረዝሞ የነጠላቸውን ጫፍ ውጦታል። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይስቃሉ።

"ማን ነው ያነሳቸው?"

"ወንደሰን። ታናሼ። 'ደከመሽ እንዴ እማዬ፣ ላዝልሽ' እያላት ነው የምትስቀው።"

ፋዲላ ወንደሰንን በስም ታውቀዋለች። ጂንካ አካባቢ በመንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል። ከሦስት ዓመት በፊት አባታቸው ሲያርፉ ቤተሰቡ እንደ ደንቡ አልነገረውም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው የሚያጽናናው በሌለበት መንገድ ላይ ብቻውን እንዳያለቅስ ነው። ስለዚህ "አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ና" ብቻ ተባለ። ወንደሰን "ትንሽ" የሚለውን አምኖ የጀመረውን ሥራ ጨረሰ፤ ለበሽተኛ ይሆናል ብሎ ማር ገዛ፤ ከዚያ ተነሳ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤታቸው ሲደርስ ሠልስቱ አልፎ ነበር። ማሩን ከእጁ ሳያወርድ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ወደ ጂንካ ከተመለሰ ወዲህ አንድም ጊዜ አልመጣም።

"ስልክ ያነሳል" አለች ሐመልማል። "'ደህና ናችሁ? እመጣለሁ' ይላል። እማዬም 'እሺ ልጄ' ትላለች። ዘንድሮ ግን እየደከመች ነው ፋዲላ፤ ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ይመጣል እኮ፣ መምጣቱንማ አውቃለሁ። የምፈልገው በሕይወት እያለች እንዲመጣላት ነው። በአፍ ብነግረው አልሰማ አለ፤ ይኼን ቢያይ ምናልባት።"

ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ጨርቅ አወጣች። ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ነው፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው።

"የእሷ ነው። ተቀዶ መወልወያ ሆኖ ነበር። ይኼ ጥለት የግድ ይታይልኝ። በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛላት እሱ ነው፤ ሲያየው ያውቀዋል።"

"ከጀርባው ምን ይጻፍ?"

ሐመልማል ትንሽ አሰበች። "'ወንዴ ና' በይው። ሌላውን እሱ ያውቀዋል።"

ፋዲላ ሥራውን የጀመረችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ያን ቀን ደንበኛ አይበዛም። ለኮት ኮሌታ ማጠንከሪያ የሚገባውን ደረቅ ጨርቅ በፖስትካርድ ልክ ቆረጠች። ለሰማዩ ብዙ ጊዜ የታጠበ የሸሚዝ ፖፕሊን አገኘች። ለከተማው በኮት ውስጥ የሚገባውን ፎደራ ወሰደች። ግራጫ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። በጣት ጥፍር ልክ እየቆራረጠች በካውያ አስተኛችው።

ያስቸገራት ባሕር ዛፉ ነው። መጀመሪያ በዩኒፎርም አረንጓዴ ሞከረችው፤ ጥድ መሰለ። ከሱቁ ወጥታ አንገቷን ወደ ሰሜን መለስ አደረገች። ከሕንፃዎቹ መሀል እንጦጦ በቀጭኑ ይታያል። ባሕር ዛፍ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ አይደለም፤ ወደ ዐመድ ያደላል። ተመልሳ አንድ የመጋረጃ ቁራጭ ገለበጠችና የፈለገችውን ቀለም በጀርባው አገኘችው። ግንዶቹን በነጭ ክር ሽቅብ ሽቅብ ሰፋቻቸው። ሣሩን ከክር ቁርጥራጭ ሠራች፤ ጫፉን ሳትሰፋ ለቀቀችው።

ለእማማ ሙሉነሽ ፊት ዓይንም አፍም አላበጀችም። በዚያ ልክ ላይ ዓይን ከተሰፋ ሰው አሻንጉሊት ይሆናል። ጭንቅላቱን ብቻ ወደ ኋላ አዘመመችው። ሳቁ እዚያ ውስጥ ገባ።

የቀረው ነጠላው ነበር። ጨርቁ ሳስቷል፤ አንገቱ ጋ መርፌ በነካው ቁጥር ይተረተራል። ሁለት ጊዜ አነሳችው፣ ሁለት ጊዜ መልሳ ሰፋችው። ጥለቱ ደግሞ እንደ ፎቶው ይሁን ቢባል ቦታው ከታች ነው፤ ከታች ሣር አለ፤ ሣሩ ሸፍኖት ሐመልማል የግድ ይታይልኝ ያለችው ነገር አይታይም። ፋዲላ ጥለቱን በቀጭኑ ቆረጠችና የሚተረተረው ጠርዝ ላይ፣ አንገቱ ዙሪያ አሳልፋ ሰፋችው። ጠርዙ ያዘ። ጥለቱም ፊታቸው ሥር ደምቆ ታየ። ሁለቱም ችግር በአንድ ስፌት ስለተቃለለላት ደስ አላት። ዙሪያውን በዚግዛግ ዘምዝማ ጨረሰችና በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ሰኞ ሐመልማል ቸኩላ መጣች። ሙአዊያ የሚባል የወንደሰን የሥራ ባልደረባ እረፍቱን ጨርሶ ወደ ጂንካ ሊመለስ ነው፤ መገናኛ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ያዘመመውን ጭንቅላት ለረጅም ጊዜ አየች።

"ሳቋን እንዴት አድርገሽ ነው ያገኘሽው?" አለች። ዓይኗ ውኃ ሞላ። በፌስታል ጠቅልላ ሮጠች።

ስህተቱን ያገኘው ጠሀ ነው። ጠሀ ከፋዲላ ሱቅ አጠገብ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወንበሩን ይዞ በሯ ላይ ይቀመጣል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ፋዲላ የሠራቻቸውን ካርዶች በስልኳ እያሳየችው ነበር።

"ይኼኛው ከሁሉም ይበልጣል" አለ። "እኚህ ሴትዮ ግን አላህ ያጽናቸው። ማን ሞቶባቸው ነው?"

"ማንም አልሞተባቸውም።"

"ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል እኮ።"

ፋዲላ ስልኩን ተቀበለችው። ይህን ለማወቅ ነጠላ ለባሽ መሆን አያስፈልግም። በደስታ ጊዜ ጥለቱ ከታች ይወርዳል፤ በሐዘን ጊዜ ነጠላው ይዘቀዘቅና ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። በሰፈሯ ባለው ለቅሶ ቤት ሁሉ ተቀምጣ አይታዋለች። ነጠላውን ስትሰፋ ግን የምታስበው ስለሚተረተረው ጠርዝ ነበር።

"ለማን ነው የተላከው?" አለ ጠሀ።

"ለልጃቸው። ሩቅ አገር ነው የሚሠራው።"

"ከኋላው ምን ይላል?"

"'ወንዴ ና' ይላል።"

ጠሀ አገጩን አሻሸ። "እና መርዶ ሰፍተሽ ልከሻላ።"

ሐመልማል የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ቅርብ ነው፤ ፋዲላ ስትደውልላት በምሳ ሰዓት መጣች። ፋዲላ ፎቶውን አሳየቻትና ምንም ሳታለሳልስ ነገረቻት። ሐመልማል መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

"እኔስ ምን ሆኜ ነው ያላየሁት?"

"ፊታቸውን ስታዪ ነበር።"

"ሙአዊያ ዛሬ ጠዋት ሰጥቼዋለሁ ብሎ ደውሎልኛል።"

"እንግዲያው አሁኑኑ ደውዪለት።"

ደወለችና ስልኩን ፋዲላም እንድትሰማ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ወንደሰን ቶሎ አነሳ። ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል።

"ወንዴ፣ ካርዱ ደረሰህ?"

"ደረሰኝ።" ድምፁ ጎርንኗል።

"ስማኝ፣ እማዬ ደህና ናት።"

"እሺ።"

"እውነቴን ነው የምልህ። ምንም አልሆነችም።"

"አባዬንም ትንሽ ነበር ያመመው።"

"ወንዴ፣ ይኼ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዋ ናት የተሳሳተችው።"

"አገናኚኛ።"

"እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ስገባ አገናኝሃለሁ።"

"ነጠላዋን ቆራርጣችሁታል ሐመልማል" አለ። "እኔ የገዛሁላትን። ሰው በቁሙ ልብሱ አይቆረጥም። መንገድ ጀምሬያለሁ። አሁን እንኳ አትዋሺኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ስትደውል ጥሪ አይቀበልም። ሙአዊያ ጋ ደወለች። ካምፑ ሁሉ ለቅሶ ተቀምጦ እንደነበር፣ ወንደሰንን አስተዛዝነው መኪና ላይ እንደሰቀሉት ነገራት፤ እሷንም እግዜር ያጥናሽ አላት።

"ቤት ሂጂና እማማን አገናኚው" አለች ፋዲላ። "ስልኩን እስኪከፍት ደጋግመሽ ሞክሪ።"

"ምን ብዬ? 'ልጅሽ ሞተሻል ብሎ እያለቀሰልሽ ነው' ልበላት? ሟርት ነው ፋዲላ። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ጆሮዋ ላይ አልጥልም።"

"ታዲያ በር ላይ ሲያለቅስ ልትሰማ አይደል?"

"ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ጠብቄ አስቆመዋለሁ።"

ማታውን ሁሉ ስልኩ ዝግ ነበር።

በማግስቱ ፋዲላ ሱቋን ዘግታ ወደ ፈረንሳይ ወጣች። ጥፋቱ የእጇ ስለሆነ እቤት መቀመጥ አልሆነላትም። ሐመልማል አስፈቅዳ ቀርታ ነበር፤ ከታክሲ ማቆሚያው ላይ እየተመላለሰች ትጠብቃለች። ፋዲላን ስታያት፣ "አንቺ እማዬ ጋ ሁኚልኝ። የሆነ ነገር አጫውቻት፤ ከግቢ እንዳትወጣ" አለቻት።

እማማ ሙሉነሽ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ጣል ብሏል፤ ጥለቱ ከታች ነው። ፋዲላ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

"ልብስ ሰፊዋ አንቺ ነሽ?" አሉ። "ሐመልማል ስታነሳሽ እሰማለሁ። ቁጭ በይ ልጄ። ዓይንሽ ደህና ከሆነ ጠጠሩን አብረሽኝ ልቀሚ።"

ፋዲላ ቁጭ ብላ ትለቅም ጀመር። እማማ ሙሉነሽ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆሙ እንደቆዩ አጫወቷት። "ልጄ ወንደሰን ድሮ እሱ ነበር ክር የሚያስገባልኝ" አሉ። "አሁን ጂንካ ነው። ይመጣል።" ይመጣል ያሉት ስለ ዝናብ እንደሚናገር ሰው ነው።

ወንደሰን ግን በታክሲ አልመጣም። ከሌሊት አውቶቡስ ሲወርድ አብሮት የተጓዘ አንድ ሰው አዝኖለት በላይኛው መንገድ በመኪና አደረሰው። ሐመልማል ከታች ቆማ መንገዱን ስታይ፣ እሱ ከበላይ በኩል በእግሩ እየወረደ ነበር። ከግቢው ማዶ ካለው መታጠፊያ ላይ ድምፁ ተሰማ።

"እናቴን፤ እናቴን፤ ሳላይሽ፤ ሁለተኛዬ ነው፤ እናቴን።"

የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። እማማ ሙሉነሽ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ።

"ወንዴ ነው" አሉ።

ፋዲላ እጃቸውን ያዘች። "እማማ፣ ይቆዩ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።" እሳቸው ግን አይሰሟትም። ሰፌዱ ከጭናቸው ወርዶ ምስሩ ተበተነ። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። የልጃቸው ለቅሶ እየቀረበ ነው፤ ልጅ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ከመጣ ደግሞ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ በኋላ ይጠየቃል። እማማ ሙሉነሽ እየሄዱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጡት፤ "ወየው ልጄን፣ ወየው ልጄን" እያሉ ወደ በር ገሰገሱ።

እናትና ልጅ የግቢው በር ላይ ተገናኙ።

ወንደሰን ጋቢውን ደረቱ ላይ አስሯል። እጆቹን ለለቅሶ እንደዘረጋ ቀረ። እማማ ሙሉነሽ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ።

"ማን ሞተብን ልጄ? ማን ሞተብን?"

ወንደሰን ትከሻቸውን ይዞ ራቅ አደረጋቸው፤ ፊታቸውን አየ፤ ከዚያ ጥለቱን አየ።

"አንቺ ነሻ" አለ።

"ምን?"

"አንቺ ነሽ የሞትሽው እማዬ።"

ተከትሎት የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ጸጥ አለ። ከታች እየሮጠች የመጣችው ሐመልማል ትንፋሿ ተቆራርጦ በሕዝቡ መሀል ገባች። የሰፈሩ የእድር ዳኛ አቶ ወልደ ሐዋርያት ሁለት ሰዎች አስከትለው ደረሱ። እማማ ሙሉነሽን አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እግዜር ያጥናሽ ሙሉነሽ። ድንኳኑ ወጥቷል፤ የት ጋ እንትከለው? ለመሆኑ ማን ነው ያረፈው?"

"እኔ ነኝ አሉ" አሉ እማማ ሙሉነሽ። "ድንኳኑን ግን መልሰው። ገና ነኝ።"

ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ወንደሰን አልሳቀም። በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ወደየቤቱ ተመለሰ።

ቤት ከገቡ በኋላ ሐመልማል ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ተናገረች። ፋዲላ በበኩሏ የሚተረተረውን ጠርዝ አስረዳች፤ "ይቅር ይበሉኝ እማማ" አለች። እማማ ሙሉነሽ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ወንደሰን ካርዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። እሳቸው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት፤ ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ስንት ጊዜ ፈጀብህ መንገዱ?" አሉ።

"ትናንት ጠዋት ነው የተነሳሁት።"

"ለሬሳዬ በአንድ ቀን ደረስክ። ለእኔ ሦስት ዓመት አልበቃህም።"

ሐመልማል "እማዬ" አለች። እናቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

ወንደሰን፣ "አባዬን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ" አለ። "ማር ይዤ እኮ ነው የመጣሁት እማዬ። ለሞተ ሰው ማር። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሁሉ 'አባቴን ትንሽ አሞት ነው' እያልኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ 'ደህና ነን' ስትሉኝ ማመን አቃተኝ። ስመጣ ደግሞ ያው በር ላይ እቆማለሁ እያልኩ ፈራሁ።"

"ደብቁት ያልኩት እኔ ነኝ። እህትህ አይደለችም።"

"አውቃለሁ።"

"መንገድ ላይ ብቻህን እንዳታለቅስ ብዬ ነው።"

"ብቻዬን አላለቀስኩም እንዴ? ትናንትም ሌሊቱን ሙሉ።"

እማማ ሙሉነሽ ይህን ሲሰሙ ካርዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"እኔ ስሞት" አሉ፣ "በስልክ ንገሪው ሐመልማል። ዕለቱን። ሰው ምን ይላል እንዳትዪ።"

"እማዬ፣ አሁን ይኼ ይወራል?"

"ይወራል። ዛሬ ካልተወራ መቼ ሊወራ ነው?"

የወንደሰን ስልክ ጮኸ፤ ከካምፑ ነው። አለቃው ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቀ፤ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። ወንደሰን እናቱን አየ።

"ቀብር የለም" አለ። "አልሞተችም። አዎ፣ እናቴ። አጠገቤ ናት።" ከዚያ ለረጅም ጊዜ እያዳመጠ "እሺ፣ እሺ" አለና ዘጋ።

"ምን አለ?" አለች ሐመልማል።

"መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የሐዘን ፈቃዱን አንዴ ፈርሜያለሁ፣ አልሰርዘውም፤ ሰባቱን ቀን ከእናትህ ጋር ተቀመጥ አለኝ።"

"ተመስገን" አሉ እማማ ሙሉነሽ። "እንግዲህ ሐዘንህን እዚሁ ተቀመጥ። ከሰባቱ በአንዱ ቀን ራጉኤል ትወስደኛለህ።"

"ሽቅቡን ትችይዋለሽ?"

"ካቃተኝ ታዝለኛለሃ። ብለህ አልነበር?"

ወንደሰን ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ተነስቶ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ። የተበተነውን ምስር አይቶ ይሆናል፤ ቶሎ አልተመለሰም። በመስኮቱ ሲታይ ቁጢጥ ብሎ ከአፈሩ እየለየ ወደ ሰፌዱ ይመልሳል።

እማማ ሙሉነሽ የራሳቸውን ነጠላ አውርደው አስተካክለው ለበሱ። ከዚያ ካርዱን ለፋዲላ ሰጧት።

"ይኼንንም መልሺልኝ።"

ፋዲላ ከቦርሳዋ ትንሿን መቀስ አወጣች። የአንገቱን ስፌት ነጥብ በነጥብ ተረተረች። ጥለቱ ለቀቀ፤ በቦታው የመርፌ ቀዳዳዎች ቀሩ፤ ጠርዙም እንደፈራችው መሳሳት ጀመረ። በነጭ ክር ጥብቅ አድርጋ በእጇ ዘመዘመችው፤ መጀመሪያውኑም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ከዚያ ወደ ታችኛው ጫፍ ወረደችና መቀሷን በሣሩ ክሮች ውስጥ አስገባች። የተቆረጡት አረንጓዴ ክሮች ጭኗ ላይ ረገፉ። ባዶ የሆነው ቦታ ላይ ጥለቱን ሰፋችው።

ጨርሳ ስትሰጣቸው እማማ ሙሉነሽ ካርዱን አርቀው ያዙት።

"ፎቶው ላይ እዚህ ጋ ሣር ነበር" አሉ።

"አጨድኩት እማማ" አለች ፋዲላ።